ጉማሬ ካልታየ ክፍያ የለም

ሰኞ

የሞተው ግልገል ነው። የሐይቁ ዳርቻ ጥበቃ በስልክ «ፊላው ጥግ ትልቅ ነገር ተንሳፍፏል» ሲለኝ ጎልማሳ ጉማሬ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ስደርስ ከሙክት በግ ብዙም አይበልጥም። ሆዱ ተነፍቷል። አንድ እግሩ በፊላው ረጃጅም አገዳ ውስጥ ተጠላልፎ ቀርቷል።

ሃያ ያህል ሰው ከቦ በስልኩ ይቀርጻል። አንዱ ሴት ልጁን አጠገቡ አቁሞ ፎቶ ሊያነሳት ሲል «እናቷ ስትሞትም እንዲህ ታነሳታለህ?» አልኩት። ልጅቷ ሰማችኝ። ይዟት ሄደ። ሌላው ቀረብ ብሎ ጥርሱን ለመድኃኒት ጠየቀኝ። ገና ጥርስ አላበቀለም አልኩት። አዘነ። ያዘነው ለጥርሱ ነው።

ለካሁት። ጎኑን ከፈትኩት። ሦስት የጎድን አጥንቶች ተሰብረዋል፤ ሳንባው ደም ቋጥሯል። የጀልባ ሞተር የቆረጠው ነገር የለም። በሽታም አይደለም። ይህን ዓይነቱን ከዚህ በፊት አይቻለሁ። መንጋው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሲደነግጥ ትልልቆቹ ትንሹን ረግጠውት ያልፋሉ። የረገጠችው እናቱም ልትሆን ትችላለች።

ማን አስደነገጣቸው?

ከዚህ የባሰ ሳምንት መምረጥ አይቻልም። የሐይቁ ዳርቻ ኮሚቴ የሚሰበሰበው የዛሬ ሳምንት ነው። ስድስት ወር የሞከርነው ቀረጥ ያኔ ይጸድቃል ወይም ይሞታል። ነገሩ ቀላል ነው፦ ሀዋሳ የሚያድር እንግዳ በእያንዳንዱ አዳር ትንሽ ይጨምራል፤ ጀልባ ሲሳፈርም እንዲሁ። ገንዘቡ ቡሹሎ በሚባለው ዳርቻ በኩል የቀረውን ፊላ ያስጠብቃል፣ ጉማሬ በቆሎውን ለበላበት ገበሬ ካሳ ይሆናል። የከተማው ሰው «የጉማሬ ቀረጥ» ይለዋል። ረቂቁን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ነጥብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካልጸደቀ ፊላው በድንጋይ ተሞልቶ ሎጅ ይሠራበታል። ጥያቄው ገብቷል፤ ካርታውንም አይቼዋለሁ።

ከሰዓት የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ደወለ። በዕድሜ ልጄ ለመሆን ጥቂት ዓመት ነው የቀረው።

«ጋሽ ይልማ፣ በሽታ ነው ቢባልስ?»

«የምን በሽታ?»

«እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

«አዎ፣ የማውቀው እኔ ነኝ» ብዬ ዘጋሁበት።

ማክሰኞ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ጀምሮ የወይዘሮ ራሕመት ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ከዚያ ሆኖ ማዶው በሙሉ ይታያል። የሩቅ ማያ መነጽሬን ይዣለሁ። ሻይ አዘዝኩ፤ ቀዝቅዞ መጣ፤ መለስኩት፤ ሁለተኛውም ቀዝቅዞ መጣ።

ለአንድ ሰዓት ተኩል ምንም አልነበረም። ከዚያ እንግዳ ያልጫኑ ሁለት ጀልባዎች ሞተራቸውን አጥፍተው ከፊላው ግራና ቀኝ ገቡ። ሰዎቹ ቢጫ ጀሪካን በዱላ መደብደብ ጀመሩ። ድምፁ እኔ ድረስ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ዱላው ሲነሳ ነው የምሰማው። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ተናወጠ። ራስ ወጣ፣ ሁለተኛ ወጣ፣ አምስት ሆኑ። ሦስተኛው ጀልባ እንግዶቹን ጭኖ ገላጣው ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ።

እስከ ምሳ አራት ጊዜ ተደገመ።

አሁን ራሴን ልመርምር። በረቂቁ አንቀጽ አሥራ አንድ መሠረት የጀልባ ማኅበሩ ከቀረጡ ድርሻ የሚያገኘው፣ እንግዳው ጉማሬ ማየቱን ቅጽ ላይ ፈርሞ ካረጋገጠ ብቻ ነው። ጉማሬ ካልታየ ክፍያ የለም። ይህን የጻፍኩበት ምክንያት ነበረኝ። በፊት የነበረው ፕሮጀክት ለጀልበኞቹ «ጠብቁ» ብሎ በየወሩ ይከፍል ነበር፤ እነሱ ተኝተው ይበሉ ነበር። እኔ ደግሞ በጉማሬ መታየት የሚኖር ሰው ጉማሬውን ይጠብቃል አልኩ። ክፍል ውስጥ ብናገረው ተማሪ ማስታወሻ የሚይዝለት ሐሳብ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚመጡልኝ ቅጾች ግማሽ ያህሉ ባዶ ነበሩ። መሆንም ያለበት ይኸው ነው። ካለፉት ስድስት ሳምንታት ወዲህ ግን አንድም ባዶ ቅጽ አልመጣም። የዱር እንስሳ ስድስት ሳምንት ሙሉ ቀጠሮውን አክብሮ ሲመጣ፣ ዕድሜውን በዚህ ሙያ የፈጀ ሰው ሊደነግጥ ይገባው ነበር። እኔ አረንጓዴ ቀለም ቀብቼ ግራፍ ሠራሁበት።

ወይዘሮ ራሕመት ወደ በረንዳው ወጣች። የሆቴል ባለቤቶቹ ተወካይ እሷ ናት። ሱቅ ከነበራት ጊዜ ጀምሮ ነው የማውቃት። ቀረጡን አትወደውም፤ መጥላቷንም አትደብቅም።

«ጉማሬው ቀረጥ ሊከፍል መጣ እንዴ እንዲህ የምታፈጠው?» አለችኝ።

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ስድስት ወር የአልጋ ቀረጡን ከፈልኩለት። አንድ ቀን እንኳ አልጋዬ ላይ አላደረም።»

አልሳቅኩም። «እንግዶችሽ ምን ይላሉ?» አልኳት።

«ደስ ብሏቸው ነው የሚመለሱት። እኔን የሚገርመኝ ከቁርስ በፊትም ከቁርስ በኋላም መታየቱ ነው። እኔ ሆቴል ቢቀጠር ደህና አስተናጋጅ ይወጣው ነበር።»

ሴትዮዋ ስድስተኛ ክፍል ነው የጨረሰችው። ግራፉን ሳታይ ገብቷታል።

ረቡዕ

ጀልባ ማቆሚያው ድረስ ሄድኩ። ሀሜሶ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ የቡሹሎ ሰው፤ አርባ አምስት ቢሆነው ነው። ሰዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ሳልቀመጥ ጠየቅኩት።

«ጀሪካኑን የሚደበድበው ማነው?»

«እኛ ነን፣ ጋሼ።»

አልካደም። ቢክድ ይሻለኝ ነበር።

«ማን ፈቀደላችሁ?»

«ፊርማው።»

ከኋላ አንዱ «ጉማሬው ማንበብ አይችልም፣ ጋሼ፤ ቀጠሮውን በጀሪካን ነው የምናስታውሰው» አለና ሁሉም ሳቁ። ሀሜሶ ብቻ አልሳቀም።

እኔ በሰው ፊት ሲሳቅብኝ ምን እንደምሆን አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ሀሜሶ ለብቻችን ሳለን የነገረኝ ነገር አለ። በወጣትነቱ በተከለከለ ጠባብ መረብ የዓሣ ጫጩት ያጠምድ ነበር። ተይዞ ታስሯል። ያሳፍረዋል። ለልጆቹም አልነገራቸውም። አምኖኝ ነው የነገረኝ።

«ሌባ ሌባ ነው» አልኩት፣ ሁሉም እየሰሙ። «ትናንት በጠባብ መረብ ተይዘህ ታሰርክ፣ ዛሬ በጀሪካን። የተለወጠው ዕቃው ነው።»

ትልቁ ልጁ ከመረብ ጠጋኞቹ መካከል ነበር። አላየሁትም ነበር። ባየው ኖሮ አልለውም ነበር ብዬ ለመጻፍ ፈልጌ ተውኩት፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሀሜሶ ተነሳ። ድምፁን አላነሳም። «በስብሰባው ቀን ነግሬዎት ነበር» ብቻ አለ።

ነግሮኛል። ረቂቁ ለውይይት በቀረበበት ቀን እጁን አውጥቶ፣ አማርኛውን እየመረጠ፣ «ባዶ ወረቀት ይዞ የተመለሰ ሰው ካልተከፈለው ወረቀቱን ይሞላዋል። ጉማሬው ባይፈልግም ይሞላዋል» አለ። እኔም «አንተ ጀልባህን ንዳ፤ ማሰቡን ለሚችሉት ተው» አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። ቃለ ጉባኤው ሲመጣልኝ ንግግሩን በቀይ ሰርዤ «ከአጀንዳ ውጭ» ብዬ ጻፍኩበት።

ወደ ቢሮ ተመልሼ ደንብ የጣሰ ይታገዳል በሚለው በአንቀጽ አሥራ አራት መሠረት የሀሜሶን የጀልባ ፈቃድ ያገድኩበትን ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። በዘጠኝ ሰዓት እጁ ገባ።

ማታ ለባለቤቴ ለሙሉ ምን እንደሆነ ነገርኳት፤ የስብሰባውንም፣ የመረቡንም። ጎበዝ ትለኛለች ብዬ አልነበረም። ተማሪዎቿ ፊት አዋረደኝ ብላ አንድ ጊዜ ለራሷ ርዕሰ መምህር ለአንድ ዓመት ሰላምታ የነፈገች ሴት ናት።

ከገበታው ሳንነሳ ስልክ መጣ። ቡሹሎ በኩል አንዲትን ሴት ጉማሬ መትቷታል።

ሐሙስ

ማርታ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ናት፤ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት መኪና እየተጠበቀ። ዳሌዋ ተሰብሯል። ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለላሟ ሣር ስታጭድ ነው ያገኛት። ከቀኑ አሥር ሰዓት ጉማሬ ውሃ ውስጥ መሆን አለበት። ደህና መደበቂያ ካለው።

ቅጼን አወጣሁ። ከውሃው ስንት እርምጃ? ወደየት ዞሮ ነበር? ብቻውን ነው ወይስ ግልገል አለው? መለሰችልኝ። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ላቧ ትራሱን አርሶታል። በስድስተኛው ዓይኗን ገለጠች።

«እኔን ነው የምትለካኝ? ሂድና እሱን ለካው።»

ባሏ ከእግርጌ ቆሟል። ጉማሬዎቹ ድሮ ፊላው ውስጥ ይውሉ እንደነበር፣ አሁን ግን በቀን ወደ እነሱ ማሳ እየወጡ መሆናቸውን ነገረኝ። የሰፈሩ ወጣቶች ጀልባ ሊያቃጥሉ እየተማከሩ ነው። «ሀሜሶ የአጎቴ ልጅ ነው። ምን ልበላቸው?» አለኝ። የቅጼን ቀጣይ ገጽ ገለጥኩ።

ማርታ እንደገና ጠራችኝ።

«ከቱሪስት የሚሰበሰበው ብር ለእኛ ነው ብላችሁ ነበር።»

«ለሰብል ነው» አልኳት። እውነት ነው። አንቀጽ ዘጠኝ፦ ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ በሰብል ላይ ለደረሰ ጉዳት። ሰዓቱን የወሰንኩት እንዳያጭበረብሩ ነው። ሰብል ያልኩት ሌላ ነገር እንዳይጨምሩበት ነው።

«እኔስ?»

«ደንቡ ስለ ሰው አይናገርም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «በቆሎ ብሆን ይሻለኝ ነበር» አለች።

ባጃጅ ተሳፍሬ ተመለስኩ። ነጂው ጨዋታ ሲጀምር መንገዱን እንዲያይ ነገርኩት። መንገዱን እያየ ነበር።

ዓርብ

ኃላፊው በሩን ዘግቶ አስቀመጠኝ። ነጠላ አገልድማ የምትመክር አክስት ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

ሐሳቡ ይህ ነው። ሪፖርቱ «ጀልበኞቹ ደንቡን በመጣስ እንስሳቱን አስደንግጠዋል» ይላል። ሀሜሶ ፈቃዱ ለዘለቄታው ይሰረዛል። ግራፉ እንዳለ ይቀርባል። ቀረጡ ይጸድቃል። ፊላው ይተርፋል።

«ሌላውን መንገድ ያስቡት» አለኝ። «ደንቡን የጻፈው ሰው ራሱ ተነስቶ ደንቡ ነው ያጠፋው ካለ፣ ወይዘሮ ራሕመት ምን የምትል ይመስልዎታል? ቀረጡን በዚያው ቀን ትቀብረዋለች። ከዚያ ለሎጁ ማን ይከለክላል? ጋሽ ይልማ፣ አንድ ሰውዬ ነው። አንድ ጀልባ ነው።»

አንድ ሰውዬ ነው። ደግሞም ጀሪካኑን የደበደበው እሱ ነው፤ እኔ ደብድብ አላልኩም። ይህን ከቢሮ እስከ ቤት ለራሴ ስደጋግመው ነበር። የሚያስጨንቀኝ ስህተት የሌለበት መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለየብቻው ልክ ነው።

ደንቡን የሚጥስ ነገር እንዳደረጉ ለማረጋገጥ ረቂቁን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጀሪካን አይከለክልም። ርቀት አይወስንም። «ይታይ» ብቻ ነው የሚለው።

ቅዳሜ

ሽማግሌ መጣብኝ። ሀሜሶ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ድረስ፣ ቤቴ በር ላይ። ትልቁ አቶ ሻላሞ ይባላሉ፤ ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም፤ ዱላቸውን ተደግፈው ነው የሚራመዱት። መጀመሪያ ምን እንዳመጣቸው አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ወንበር ማቅረብ ረሳሁ። ሙሉ ናት ያቀረበችው።

ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት። እኔን።

«ልጃችን አጥፍቷል» አሉ አቶ ሻላሞ። «ውሃ ውስጥ ያለ ነገር አስጨንቋል። በእሱ ምክንያት ሴት ተሰብራለች። አንተንም ከባለሥልጣን አጣልቷል። ካሳውን በእኛ በኩል እንጨርሳለን። አንተ ግን ይቅር በለው።»

ሀሜሶ ተነስቶ ጉልበቴን ሊይዝ ጎንበስ አለ። ከልክዬ ማንሳት ነበረብኝ፤ ወጉም ይኸው ነው። እስኪነካኝ ጠበቅኩ።

ከዚያ ሽማግሌው ያልጠበቅኩትን ነገር አደረጉ። በእነሱ ዘንድ እርቅ ከመጽናቱ በፊት ሁለቱም ወገን በሆዱ የቀረውን ሁሉ ያወጣል፤ የተደበቀ ነገር ካለ እርቁ አይያዝም። መጀመሪያ ሀሜሶን ጠየቁት። በሲዳምኛ ጠይቀው በአማርኛ እንዲመልስ ነገሩት፤ እንድሰማው። «የቀረ የለም። ጀሪካኑን መትቻለሁ» አለ። ስለ ስብሰባው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስለ መረቡም፣ ስለ ልጁም። ለእኔ የተወልኝ እኔው እንድናገረው ነው።

«አንተስ?» አሉኝ አቶ ሻላሞ። «በሆድህ የቀረ ነገር አለ?»

ሀሜሶ ቀና ብሎ አየኝ።

«የለም» አልኩ።

መረቁን። አሜን አልኩ። ስለ ፈቃዱ ሲጠይቁኝ እሱ የሕግ ጉዳይ ነው፣ ከእርቁ ጋር አይገናኝም አልኳቸው። አቶ ሻላሞ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሚቀበሉ ይሁን የሚያዝኑ አልለየሁም። የቀረበላቸውን ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ሀሜሶ አልጠጣም።

እሑድ

ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን እያጠፈች አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች።

«ሰውየው ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ ጉልበትህ ላይ ሲወድቅ፣ አንተ ዓይኑን እያየህ የለም አልክ።»

«አጥፍቷል። ጀሪካን...»

«ይልማ፣ እኔ ኮሚቴ አይደለሁም።»

ከዚያ በኋላ ምሳ ቀርቧል አለችኝ እንጂ ሌላ አልተናገረችኝም።

ከሰዓት ሪፖርቱን ልጨርስ ተቀመጥኩ። የግልገሉን ልኬት አስገባሁ። የአጥንቶቹን፣ የሳንባውን። የማርታን አደጋ ቦታና ሰዓት። ከዚያ «ምክንያት» የሚለው ሳጥን አለ። እኔ ነኝ የቀረጽኩት፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሰው እንዳይቀባጥር ብዬ።

«ጀልበኞቹ» ብዬ ጀመርኩ። ሰረዝኩት። «በደንብ ጥሰት» አልኩ። የትኛው ደንብ? አንቀጹን መጥቀስ አለብኝ፤ ሳይጠቅስ ያቀረበልኝን ሰው ሁሉ ሪፖርቱን ፊቱ ላይ ስወረውርበት ኖሬያለሁ። የሚጠቀስ አንቀጽ የለም። ያለው አንድ ብቻ ነው፣ አሥራ አንድ፤ እሱም አልተጣሰም። ቃል በቃል ተፈጽሟል።

ለሽማግሌ መዋሸት ችያለሁ። ሳጥኑ ውስጥ መዋሸት አልቻልኩም። ይህ ስለ እኔ ጥሩ ነገር አይናገርም። ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው።

«ምክንያት፦ አንቀጽ 11። አርቃቂው አስቀድሞ ተነግሮት ነበር።» ሁለት መስመር አልሞላም።

ሰኞ

ስብሰባው አለቀ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ኃላፊው ከመግባታችን በፊት ሪፖርቱን ጠየቀኝ። ሰጠሁት። አነበበው። «ይህን አያቀርቡም» አለኝ። ከእጁ ተቀበልኩት።

ተነስቼ አቀረብኩ። ግራፉን አሳየኋቸውና በግራፉ ላይ የሚታየው ስኬት ሳይሆን የተባረረ መንጋ መሆኑን ነገርኳቸው። ሀሜሶ በውይይቱ ቀን የተናገረውን ቃል በቃል ደገምኩት። የመለስኩለትንም። በዚያን ቀን ከሳቁት መካከል አምስቱ እዚያው ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛውን ያያሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰረዝኩት እኔ መሆኔን፣ ፈቃዱን ያገድኩት የጣሰው አንቀጽ ሳይኖር መሆኑን ተናገርኩ። አንቀጽ አሥራ አንድ ይውጣ፤ ጀልባ ወደ ፊላው የሚቀርብበት ርቀት ይወሰን፤ ካሳው ሰውንም ይጨምር፤ ቀረጡ ግን ይቀጥል፤ ያለ እሱ ፊላው የለም አልኩ።

ወይዘሮ ራሕመት ቃል ጠየቀች።

«ይሄ ሰውዬ ስድስት ወር አሳምሮ ዋሸን። ዛሬ ደግሞ አሳምሮ እውነት ተናገረ። በየትኛው ልቅጣው?» ሳቅ ሆነ። «ለማይሠራ ነገር መክፈል ለምጃለሁ። ይሄኛው ይሠራል ብዬ መክፈሌ ነው ያናደደኝ።»

ውሳኔው፦ ቀረጡ ይቀጥላል፤ ሊሰበሰብ የጀመረ ብር ማንም አይተውም። ለፊላውና ለካሳ የሚውለው ድርሻ ግን «ጥናት እስኪጠና» አይንቀሳቀስም። ጥናቱን የሚያጠናው ሌላ ሰው ነው። የሀሜሶ እገዳ ተነስቷል። ሆኖም ጥናቱ እስኪያልቅ ማንኛውም ጀልባ ከዳር አይወጣም። ስለዚህ ፈቃዱ ተመልሶለታል፣ የሚነዳበት ውሃ የለውም። የሎጁ ጥያቄ አልተነሳም። ይነሳል።

ኃላፊው ሲወጣ ሰላም አላለኝም። ነገ ቢሮዬን ለሌላ ሰው እንዳስረክብ በጸሐፊው በኩል ላከብኝ።

ሀሜሶ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶታል። ምስጋና ጠብቄ ነበር። መጠበቄን እጽፈዋለሁ።

«ጋሼ፣ ዛሬ የተናገሩት ለኮሚቴ ነው» አለኝ። «ኮሚቴ ነገ ሌላ ሰው ነው። ቅዳሜ በአባቶቼ ፊት ቢሉት ለእኔ ይበቃኝ ነበር።»

«ቅዳሜ አልቻልኩም።»

«ልጄ ከረቡዕ ጀምሮ አብሮኝ አይበላም» ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ

ቢሮውን አስረከብኩ። ሃያ ሰባት ፋይል፣ አንድ መነጽር፣ አንድ የመለኪያ ገመድ። ተረካቢው ሳይቆጥር ፈረመ። ልናገረው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ለአቶ ሻላሞ ደወልኩ። ቅዳሜ የቀረ ነገር እንደነበረኝ፣ መጥቼ በፊታቸው መናገር እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ስለ መረቡም ጭምር፣ ልጁ ባለበት።

«ማን ይዞህ ይመጣል?» አሉኝ።

«ብቻዬን ነው የምመጣው።»

«ብቻውን የሚመጣ ሰው ሊያስረዳ ነው የሚመጣው። አንተ ማስረዳት ታውቃለህ፤ ሰምተንሃል። ይቅርታ ከሆነ የምትፈልገው ሦስት ሰው ይዘህ ና። ስለ አንተ የሚናገሩ፣ ዋስ የሚሆኑህ። እኛ እንዲያ ነው የመጣንልህ።»

ሦስት ሰው። ሀዋሳ ከገባሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ወረቀት አወጣሁ።

ወንድሜ። ከአባታችን ቤት ክፍፍል ወዲህ፣ ስድስት ዓመት፣ አልተነጋገርንም። ያኔ እኔ ነበርኩ ልክ፤ ወረቀቱ አለኝ። ደወልኩ። አያነሳም።

አብሮኝ ያስተማረው ዮሐንስ። የመመረቂያ ጽሑፉን በአደባባይ ያጣጣልኩበት። አነሳ። «አንተ ሽማግሌ ስትፈልግ መስማቴ ለዛሬ ይበቃኛል» ብሎ ደህና ዋል አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ።

የእድራችን ዳኛ። ባለፈው ዓመት ሒሳባቸውን መርምሬ ስህተት ያወጣሁባቸው፤ ትንሽ ስህተት። ቤት የሉም ተባልኩ። ድምፃቸው ከኋላ ይሰማል።

ሌላ ስም ፈለግኩ። የሥራ ባልደረባ አለ፤ የማውቀው ሰውም ብዙ ነው። ሽማግሌ ፊት ቆሞ «እኔ ዋሱ ነኝ» የሚልልኝን ሰው ስም ግን ወረቀቱ ላይ መጻፍ አቃተኝ። ሙሉ አጠገቤ የተማሪ ደብተር ታርማለች። «አንቺ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«እመጣለሁ። እኔ ግን ሚስትህ ነኝ፤ አልቆጠርም» አለች። ቀና አላለችም። ቢሆንም ከእሑድ ወዲህ ከምሳ ሌላ የተናገረችኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

በመጨረሻ የአጥር ጎረቤቴን ሻለቃን አናገርኩ። ጡረተኛ ናቸው። ዛፋቸው ወደ እኔ ግቢ ዘልቆ ቅርንጫፉን በሕግ ያስቆረጥኩባቸው። አጥሩ ላይ ክንዳቸውን አሳርፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ለማን ነው ሽማግሌ የምሆነው? ለአንተ?»

«ለእኔ።»

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ደህናም አልነበረም። ፊታቸውን ወደ ዛፋቸው አዞሩ።

«እስከ ሐሙስ ላስብበት» አሉኝ።